ከራጉኤል እስከ ጊች

ራጉኤል ሠፈር ተወልዶ ላደገ ሰው ከፍታ ማለት ሁለት ነገር ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና የአንዋር መስጊድ ሚናራ። ልጆች ሳለን ከሁለቱ የትኛው እንደሚረዝም እየተከራከርን ብዙ ቀን አምሽተናል። ክርክሩ ግን አንድም ጊዜ ዳኛ አላገኘም። በደወሉ የሚነቃውም በአዛኑ የሚነቃውም የአንድ ግቢ ልጅ ስለ ነበረ ማንም በማንም ላይ አይፈርድም ነበር። ከዚህ በቀር መርካቶ ሽቅብ የሚያስመለክት ቦታ አይደለም። የመርካቶ ሰው የሚያየው እግሩ ሥር ነው፤ ጭቃ አለ፣ ኩንታል አለ፣ የሰው እግር አለ፣ ከኋላ «ዞር በል!» እያለ የሚመጣ ተሸካሚ አለ።

ስለዚህ የሠላሳዎቹ ዕድሜዬ እስኪገባደድ ድረስ ተራራን የማውቀው በመጽሐፍና በመድረክ መጋረጃ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ለጻፍሁት ትያትር የተራራ መጋረጃ አስፈልጎኝ አንድ ሠዓሊ ወዳጄን አስቸገርሁት። ሰማዩን፣ ገደሉንና ጉሙን አሳምሮ ከሠራ በኋላ፣ «ጎጆ ጣል ጣል ላድርግበት? ጭስስ ይጨመርበት?» ሲል ጠየቀኝ። «ተወው፤ ተራራው ብቻ ይበቃል። ሰው መድረኩ ላይ አለልህ» አልሁት። ያ መልሴ ከዓመታት በኋላ በ3600 ሜትር ከፍታ ላይ ቆሜ እንደሚታወሰኝ ከቶ አልገመትሁም።

በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ጥቂት መምህራን፣ ሁለት ሠዓልያን፣ አንድ ማሲንቆ ተጫዋችና እኔ ያለንበት ቡድን የስሜን ተራሮችን እንዲጎበኝ ተዘጋጀ። ቤቴ ከአውቶቡስ ተራ ብዙ ስለማይርቅ ከመካከላችን ራቅ ካለ ሠፈር የሚመጡት እኔ ዘንድ አደሩ። ጎሕ ሳይቀድ ተሳፈርን። ዓባይን ተሻግረን፣ ጎጃምን አቋርጠን፣ ባሕር ዳር አድረን፣ በማግሥቱ ጎንደር ገባን፤ ከዚያም ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ደረስን። በመንገዱ ስለ ሆነው ሁሉ ብጽፍ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ዓባይ በረሃ ላይ የሠራንን ቀልድ ጨምሮ።

ጉዞው በአስጎብኚ የሚመራ ጉዞ ነው። በአራት የታጠፈ፣ ፎቶግራፍ ያለበት መርሐ ግብር ታድሎናል። በሦስተኛው ቀን አንጻር እንዲህ የሚል ቃል ሰፍሯል፤ «የባህላዊ የደጋ መንደር ጉብኝት፤ ጊች። ጎጆ ቤቶችን መመልከት፣ ከነዋሪዎች ጋር ቡና መጠጣት።» እኔ የትያትር ሰው ነኝና ከዋልያው ይልቅ የጓጓሁት ለዚህ ነበር። ከሥሩ በእርሳስ አሰመርሁበት።

ደባርቅ ላይ፣ በፓርኩ ደንብ መሠረት፣ አስጎብኚና ጠመንጃ የያዘ ስካውት ተመደበልን። አስጎብኚው የከተማው ልጅ፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ትሑት ወጣት ነው። ወረቀቱን ዘርግቼ ያሰመርሁበትን ባሳየው አንብቦ ሲያበቃ መልሶ አጠፈውና በእጄ አኖረው። «ይኼ ድሮ የታተመ ነው» አለኝ። «ስንት ዓመት ይሆነዋል?» አልሁት። «ሁለት ዓመት ያልፈዋል» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም የቡናው ሥነ ሥርዓት የቀረ መስሎኝ ዝም አልሁ።

ስሜን እንግዳ ተቀባይ አገር ብቻ አይደለም፤ ጥንትም ብዙ እንግዳ ያስተናገደ፣ ሁሉንም ደግሞ ያልወደደ አገር ነው። ኮስማስ የተባለው መንገደኛ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ ንጉሥ ከወንዙ ማዶ በበረዶ ተሸፍነው በሚኖሩ ተራሮች ላይ ወጥቶ ስሜኖችን እንደ ወጋ፣ ወታደሮቹም እስከ ጉልበታቸው በረዶ ውስጥ ይሰምጡ እንደ ነበር ይተርካል። ስለዚህ አገር ከተጻፉት ጥንታዊ ቃሎች አንዱ፣ እንግዲህ፣ የዘማች ቃል ነው፤ ባላገሩ ስለ በረዶውም ስለ ዘማቹም ምን እንዳለ ድንጋዩ አይነግረንም። ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑም እንዲሁ ነው፤ ስለ ዘውዱ እናነባለን እንጂ በዚያ ዓመት ገብሱ እንዴት እንደ ነበር አናነብም። በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት እንግዶች መጡ። ፓርኩ ገና ሲቋቋም፣ ከ1967 እስከ 1969 እ.ኤ.አ.፣ በዋርደንነት የሠራው ሲ. ደብልዩ. ኒኮል የዌልስ ተወላጅና ደራሲ ነበር። ቀጥሎም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ መጣ። ሁርኒ በዋልያው ጀምሮ በአፈሩ ቀጠለ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት የእርሱ ስም የተያያዘበት ሥራ ነው።

በመጀመሪያው ሌሊት 3250 ሜትር ላይ፣ ሳንቃ በር፣ አደርን። የሐምሌን ዝናብ በመርካቶ በረንዳ ላይ የቆጠርሁ ሰው ስለሆንሁ ብርድ አውቃለሁ ስል እፎክር ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ጥርሴ እንደ ገበጣ ጠጠር ሲንኳኳ አደረ። ጠዋት ስካውታችን፣ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ አነጋገሩ ቁጥብ የሆነ ሰው፣ በአንድ ጋቢ ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲጠብቅ አገኘሁት። «ዘንድሮ በረዶው አልበረታም» አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ጊች የሚወስደው መንገድ የአንድ ሙሉ ቀን ግማሽ ይፈጃል። አስታው እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል ሽበት አብቅሎ በግራ በቀኝ ቆሟል። ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ ሣር ይነጫሉ፤ እኛን ከቁም ነገር አይቆጥሩንም። የጅንባር ወንዝ ከገደሉ አፍ ላይ ሲወረወር የሚታይበት ቦታ ስንደርስ ሁለቱ ሠዓልያን ደብተራቸውን አውጥተው ተቀመጡ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ሊያስነሣቸው አልቻለም። እኔ ስለ ፏፏቴው አልጽፍም። እዚያ ድረስ ሄዶ ያየው ያውቀዋል፤ ያላየውን ደግሞ በቃላት ማታለል አልሻም። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ከወጣን በኋላ ግን ምድሩ በድንገት ተዘረጋ። ጓሳው እስከ ጉልበት ያድጋል፤ በመካከሉ ጅባራዎች እንደ ዘብ ቆመዋል። ጅባራ ለብዙ ዓመት ሲያድግ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚሞት አስጎብኚያችን ነገረን፤ የላቲን ስሙንም ጨመረልን።

«እንዴት ያለ ንጹሕ ተፈጥሮ ነው!» አለ ከሠዓልያኑ አንዱ። «የሰው እጅ ያልነካው!»

ስካውቱ ሣቀ። ከተነሣን ጀምሮ ሲሥቅ ስሰማው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ከዚያ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና በእግሩ ጣት ጓሳውን ገለጥ አደረገው። ሥሩ የድንጋይ ረድፍ አለ፤ ክብ ሠርቶ የሚዞር፣ የቤት መሠረት። «ይኼ ጓዳው ነው። እዚህ ጋ በሩ ነበር። እኔ በዚህ ቤት ሠርግ በልቼአለሁ» አለ።

ቀና ብለን ስናይ ምድሩ ሁሉ ክብ ክብ ነበር። አንዱን ካየን በኋላ ሌላውን ለማየት አስጎብኚ አላስፈለገንም። ሳማ የበዛበት የጋጣ ቦታ ነው፤ ፍግ የጠገበ መሬት ሳማ ይወዳልና። ሣሩ ሌላ መልክ ይዞ በረጅሙ የሚጋደመው እርሻ የነበረው ነው፤ ትልሙ በጠዋት ፀሐይ ጥላ ሲያርፍበት ገና ይታያል። ስካውቱ የመስጊዱን ቦታ አሳየን። ጊች የሙስሊም መንደር ነበረች። ራቅ ብሎ ደግሞ መቃብሮቹ አሉ። «እነርሱ ቀሩ» አለ ስካውቱ፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም። በዚህች ከፍታ ላይ፣ ጉም በሸፈናት ንጋት፣ አዛን እንዴት ይሰማ እንደ ነበር ለመገመት ሞከርሁ። እኔ የማውቀው አዛን በጭነት መኪና ጡሩምባና በቆርቆሮ መቀጥቀጫ መካከል ጣልቃ እየገባ የሚመጣውን ነው።

መጋረጃዬ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ሰማዩ፣ ገደሉ፣ ጉሙ በሙሉ አለ። ጎጆ ጣል ጣል አልተደረገበትም። ጭስ የለበትም።

ለፍርድ እንዳልቸኩል ነገሩን ከሥሩ መናገር ይገባኛል። ፓርኩ በሕግ የተከለለው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት፣ መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ቦታዎች ስሜን አንዱ ነበር፤ ከላሊበላ ጋር። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም አይገኝም። ገብሱ እየወጣ እየወጣ ገደል አፍ ደርሷል፤ ከብቱ የዋልያውን ግጦሽ ይጋራል፤ በዳገት ላይ የታረሰ አፈር ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ተከዜ ይወርዳል። ይህን የሚክድ ሰው ወይ አላየም፣ ወይ ማየት አልፈለገም። በ1996 እ.ኤ.አ. ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. የጊች 418 አባወራዎች ከነቤተሰቦቻቸው ተነሥተው ደባርቅ ዳርቻ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ የካሣ ገንዘብና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው። በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። እኛም በታኅሣሥ ዋዜማ ካሜራችንን ይዘን መጣን።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ስሜንን ብዙ የረዱት ስዊዘርላንዶች የራሳቸው ተራራ አላቸው። በ1914 እ.ኤ.አ. አንዱን ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ብለው ከለሉ፤ ሰው አይነካውም። በቀረው አልፕስ ግን ላሟ ከነቃጭሏ በበጋ ወደ ላይ ትወጣለች፤ እረኛው አይብ ይሠራል፤ መንግሥትም ተራራውን ሰው እንዳይለቀው ሲል ለገበሬው ይከፍላል። ይህ የበጋ ግጦሽ ወግ በ2023 እ.ኤ.አ. በዚያው በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ንጽጽሩ ፍጹም እንዳልሆነ አውቃለሁ። የእነርሱ ገበሬ ቁጥር ትንሽ ነው፣ መንግሥታቸው ሀብታም ነው፣ በዓለም ላይ በእነርሱ እጅ ብቻ የቀረ ዋልያም የለባቸውም። ቢሆንም አንዱ እረኛ ቅርስ ሲባል ሌላው እረኛ የቅርስ ጠንቅ የሚባልበትን መሥመር የሚያሠምረው ማን እንደሆነ መጠየቅ የኪነ ጥበብ ሰው ሥራ ይመስለኛል። ስለ ሕዝብ ኑሮ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ጥያቄ ለባለሙያ ትተን ስለ ጉሙ ብቻ ከጻፍን መጋረጃ ሠሪዎች ነን።

ከእሜት ጎጎ ጫፍ ቆላውን ቁልቁል ካየን፣ ጨነቅም ዋልያ ካየን በኋላ (አሥራ አንድ ነበሩ፤ አንዱ አውራ ቀንዱን እንደ ጋሻ ተሸክሞ ቆሞ አየን፤ ውበቱን አልክድም) ወደ ደባርቅ ተመለስን። ጓደኞቼ ገላቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ስካውቱን ለብቻው ጠርቼ ጊቾችን እንዲያሳየኝ ለመንሁት። አላንገራገረም። ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ጉብኝቴ ይህ ነው።

ሠፈሩ የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች የተደረደሩበት ነው። ስካውቱ የሚያውቃቸው አንድ አዛውንት በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ስለ ዝናብና ስለ ገበያ ተነጋግረን፣ ቡና እስኪደርስ ስለ ጊች አላነሣሁም። ያነሡት እርሳቸው ናቸው።

«ወጥታችሁ አያችሁት?»

«አየን፣ አባቴ።»

«ሣሩ አድጓል አሉኝ።»

«አድጓል።»

ዝም አሉ። ከዚያ ፍትሐዊ ሰው ናቸውና መልካሙን አስቀደሙ። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። የታመመ ሰው በቃሬዛ ገደል አይወርድም። መብራት አለ። ምራታቸው በጤና ተቋም በደኅና ወልዳለች፤ ጊች ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር አላህ ያውቃል አሉ። «ክፉም አልሆነ» አሉና ቀጠሉ፤ «ግን ሌሊቱ ይሞቃል። እንቅልፍ አይወስደኝም።»

በደባርቅ ብርድ ሁለት ጋቢ ደርቤ የተቀመጥሁት እኔ የምመልሰው አጣሁ።

«ካሣውስ፣ አባቴ?» አልሁ።

«ገንዘብ ነው። ተበላ። ገንዘብ ጥጃ አይወልድም።» ከዚያም ቆሎ ወደ ተዘረጋበት ሰፌድ አመለከቱኝ። «ብላ፣ ልጄ። ከተወለድሁ ጀምሮ ገብስ ገዝቼ የበላሁት እዚህ ነው። መጀመሪያ ቀን ገበያ ስሄድ እንዴት እንደሚጠየቅ አላወቅሁም። ዋጋውን ሳይሆን ‹ማን ዘራው?› ብዬ ጠየቅሁ። ነጋዴው ሣቀብኝ።»

ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። አዲስ አበባ አልኋቸው። «ከአዲስ አበባስ ከወዴት?» ሲሉኝ ራጉኤል አልሁ። አያውቁትም። አንዋር መስጊድ አጠገብ ነው ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ታናሹ ልጃቸው እዚያ ነው፤ አንዋር በር ላይ ሸክም ይሠራል። ጊች ሳሉ እርሱ በጎቹን የሚጠብቅ ነበር። በግ የለም፤ ደባርቅም ሥራ የለም፤ ሄደ። «ሠፈራችሁ ተነሥቶ ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁኝ በመጨረሻ። «የጎረቤቶቻችን ተነሥቷል፤ የእኛ ገና ነው» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ጎረቤት።

ስንነሣ ባለቤታቸው ቆሎውን በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ለልጁ ነው። ስልክ ቁጥሩን ስካውቱ በመርሐ ግብሩ ወረቀት ጀርባ ጻፈልኝ። ዛሬ ያን ጉዞ እንደ ያኔው ልድገም ብል የሚቻል አይመስለኝም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ደባርቅ አካባቢ ደርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል፤ ዋልያውም ቁጥሩ እንደ ገና አሽቆልቁሏል። አዛውንቱ ያን ሁሉ እንዴት እንዳሳለፉት አላወቅሁም።

ልጁን ያገኘሁት በተመለስሁ በሳምንቱ ነው። ከቤቴ በር እስከ እርሱ መቆሚያ ቢቆጠር ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ምናልባት ስንት ጊዜ «ዞር በል!» ብሎኝ አልፏል፤ ስንት ጊዜም እቃ አሸክሜው ይሆናል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ትከሻው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት አጥፎ ደርቧል። ጨርቁን ሳሳየው ቋጠሮውን ከማንም በፊት አወቀው።

የራጉኤልን አጥር ተደግፈን ተቀመጥን። ከቆሎው ትንሽ ቆንጥሮ ወደ አፉ አደረገና በጥሞና አኘከ።

«የገበያ ነው» አለኝ። «የእኛ ደቃቃ ነው፣ ጋሼ። ጥርስ ይፈልጋል።»

ቢሆንም በላ፤ ለጓደኞቹም ዘገነላቸው። ስለ አባቱ ጤና፣ ስለ እናቱ ጉልበት ጠየቀኝ፤ ያየሁትን ነገርሁት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወደ ላይስ ወጥታችኋል? የእኛን ቤት አሳዩአችሁ?» አለኝ።

«አሳዩን» አልሁ። የትኛው ክብ የእነርሱ እንደ ነበር አላወቅሁም።

«በሩ ላይ አንድ አስታ ነበረ። ትልቅ ነው። አባቴ ማገዶ ሲያልቅም አላስቆረጠውም። በጎቹን ከሥሩ ነበር የምቆጥር። አለ?»

አስታ ብዙ አይቻለሁ። በበር ላይ የቆመ አስታ ግን አላስታውስም። ዓይኔ ድንጋዮቹ ላይ ነበር።

«አለ» አልሁት።

ፈገግ አለ። ከወዲያ «ና ያዝ!» የሚል ጥሪ መጣና ቀሪውን ቆሎ በኪሱ ከትቶ ተነሣ። ሁለት ሰዎች ኩንታሉን ትከሻው ላይ ሲያስቀምጡለት ጉልበቱ ለአፍታ ታጠፈ፤ ከዚያ ቀና ብሎ በሕዝቡ መካከል ገባ።

በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ስሜን ላይ እሳት ተነሣ። ጓሳው ደርቆ ነበር፤ የሚግጠው ከብት ባለመኖሩ በዛ የሚሉም ነበሩ፤ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ጊችና የእሜት ጎጎ ዙሪያ ሲነድ ሰነበተ፤ የአገሩ ሰው በቅጠል፣ ከእስራኤል የመጡ እሳት አጥፊዎችም በሙያቸው ተረባረቡ። ዜናውን በሬዲዮ በሰማሁ ማግሥት ከቤት ስወጣ በአንዋር በኩል አላለፍሁም። ለሁለት ሳምንት ያህል በሌላው መንገድ፣ ዞሬ ተመላለስሁ።